አንድ ቃል፣ ሁለት ሽፍታ

ስለ ኩፍኝ በሽታ የሚያስረዳ የጤና ጽሑፍ በአማርኛ ሲዘጋጅ፣ የበሽታውን አካሄድ የሚገልጸው ክፍል ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል። ሕፃኑን አስቀድሞ ትኩሳትና ሳል ይይዘዋል፤ ዓይኑም ይቀላል። ከዚያ ሽፍታው በፊትና በአንገት ላይ ይወጣል፤ በሦስት ቀን ገደማ ወደ ታች ይወርዳል፤ እጅና እግርን ይይዛል፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ቆይቶም ይጠፋል።

ለሐኪሙ በዚህ ውስጥ የሚያስቅ ነገር የለም። ቃሉን በጫካው ትርጉሙ ላነበበው ሰው ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሽፍታው ወጣ፤ ቁልቁል ወረደ፤ እጅና እግር ያዘ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተሰወረ። ከአራቱ ግሦች አንዱ እንኳ አንባቢውን አያርመውም። መውጣትም፣ መውረድም፣ መያዝም፣ መጥፋትም የሽፍታ ሥራ ነውና፣ የተሳሳተው ንባብ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይደናቀፍ ይሄዳል።

ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት ይመሳሰሉ እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው። በቆዳ ላይ የሚታየው ሽፍታ «ሽፍ አለ» ከሚለው ይወጣል፤ ዝምታ ከ«ዝም አለ»፣ ፈገግታም ከ«ፈገግ አለ» እንደሚወጡት ማለት ነው። ስለዚህ «ፍ» ጠበቅ ብላ ትነበባለች። የጫካው ሽፍታ ደግሞ «ሸፈተ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን «ፍ» ትላላለች። ጆሮ ይህን ልዩነት ይሰማል፤ የግዕዝ ፊደል ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። በአንዳንድ የቋንቋ ማስተማሪያ መጻሕፍት ከፊደሉ ራስ በላይ የጥብቀት ነጥብ ቢደረግም፣ በጋዜጣና በመጽሔት ልማድ አልሆነም።

የሳይንስ ጽሑፍ በዚህ ጠባይ ብዙ ጊዜ ይፈተናል። «የዓሣ ዋና» የሚል ርእስ ሲላላ ዓሣ በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያስረዳ ነው፤ ሲጠብቅ ስለ ዓሦች አለቃ የተጻፈ ይመስላል። «ታማሚው ሳለ» ሲባል ሰውዬው ያሳለ፣ ሥዕል የሠራ ወይም ቢላዋ የሞረደ ሊሆን ይችላል፤ «ለ» ከጠበቀች ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም። «ሕዋስ» በግዕዝ የስሜት መቀበያ ነው፤ በሥነ ሕይወት መጽሐፍ የሕያዋን ሁሉ መሠረት የሆነችው ረቂቅ አካል ነው፤ የአብዮቱን ዘመን ለሚያስታውስ አንባቢ ግን በምስጢር የሚሰበሰብ የፓርቲ ቡድን ነው። «ሕዋስ ለሁለት ተከፍሎ ይራባል» የሚለውን ትምህርት እንዲህ ያለ አንባቢ ያለ ፈገግታ ሊያልፈው አይችልም።

የቅኔ ሊቃውንት ይህንኑ የፊደል ዝምታ ጥበብ አድርገውታል። አንዱን ቃል አጥብቀውና አላልተው ሁለት ምስጢር ያወጡበታል። ቅኔ ሰሚ ሁለቱንም ትርጉም እንዲያገኝ ይፈለጋል። የሳይንስ ጸሐፊ ፍላጎት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ስሕተት ነው። ስሕተቱም አብዛኛውን ጊዜ በሣቅ ያልፋል። ዳሩ ግን «ሽፍታ» የሚለው ቃል በአንድ ወቅት ድንበር ተሻግሮ ሣቅ በሌለበት ሁኔታ በተሳሳተ መንገድ ተነብቧል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሽፍታ ሁለት ፊት አለው። መንገድ ጠብቆ የሚዘርፈው ሽፍታ ይባላል፤ ፍርድ ጎድሎብኛል ብሎ፣ ሹመት ተነፍጎ ወይም ክብሩ ተነክቶ በረሃ የሚገባውም ሽፍታ ይባላል። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሳ ኃይሉ አስቀድሞ በቋራ በረሃ ሸፍተው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ሸፈተ የሚል ወሬ ሲሰማ አገሬው የሚያስከትለው «ምን በድለውት?» የሚል ጥያቄ ነው። ቃሉ ነቀፌታ ብቻ ሳይሆን ጥያቄም ይዟል።

ይህን ጥያቄ ቆርጦ ቃሉን ብቻ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ያውቁታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን፣ የፋሺስት ጣሊያን ሹማምንት በየጫካው የሚዋጓቸውን አርበኞች በገዛ ቋንቋቸው «ሽፍታ» ይሏቸው ነበር። የአርበኛን ስም ከተነፈገ ተዋጊ ጋር መነጋገር አያስፈልግም፤ ማደን ብቻ ይበቃል።

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ነገር ከሞያሌ ወዲያ ማዶ ተፈጸመ። እንግሊዞች ሰሜናዊ የድንበር አውራጃ ይሉት በነበረው የኬንያ ክፍል ሞያሌና ማርሳቢት፣ ኢሲኦሎ፣ ዋጂር፣ ማንዴራና ጋሪሳ ይገኙ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. የሕዝቡን ፍላጎት እንዲያጣራ የተላከው ኮሚሽን፣ ሶማሌዎቹ በከፍተኛ ድምፅ ከሶማሊያ ጋር መቀላቀልን እንደሚፈልጉ አረጋገጠ። ይሁንና አውራጃው በኬንያ ሥር ጸና። ኬንያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጣች፤ ወሩ ሳያልቅም በሰሜን ምሥራቁ ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በኢትዮጵያ በኩል የነበረው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥትም በዚያው ዘመን ከኬንያ ጋር የመከላከያ ስምምነት አደረገ።

ጦርነቱ የተጠራበት ስም ከአማርኛ የተወሰደ ነበር፤ «የሽፍታ ጦርነት» ተባለ። ታጣቂዎቹ ጣቢያ ማጥቃታቸው፣ መንገድ ላይ ፈንጂ መቅበራቸውና ሰላማዊ ሰው መጉዳታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ስሙ የኮሚሽኑን ውጤትና የፖለቲካውን ጥያቄ በአንድነት ሸፍኖ ወንበዴነትን ብቻ አስቀረ። ቃሉ ድንበር ሲሻገር «ምን በድለውት?» የሚለው ጥያቄ ኬላው ላይ ቀረ።

ዋጋውን የከፈለው ብዙ ነው። አርብቶ አደሩ በመንግሥት በሚጠበቁ መንደሮች እንዲሰበሰብ ተገደደ፤ ከብቱና ግመሉ አለቀበት። የዋሶ ቦረናዎች ያንን ጊዜ «ጋፍ ዳባ»፣ ነገር ሁሉ የቆመበት ዘመን፣ ብለው ያስታውሱታል። በጥቅምት 1967 እ.ኤ.አ. በዛምቢያው ፕሬዚዳንት በኬኔት ካውንዳ አሸማጋይነት በአሩሻ ስምምነት ተደረሰ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ለተፈጸመው የመንግሥት ሹማምንት በፍርድ ቤት እንዳይጠየቁ የሚከላከል ሕግ ወጣ። የኬንያ የእውነት፣ የፍትሕና የእርቅ ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘገባ ይህን ዘመን በሰፊው መርምሮታል።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ኬንያ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በዋልዳ ካምፕ ሲጠለሉ፣ የገዛ ቋንቋቸው ቃል ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። በመጠለያ ጣቢያ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚፈሩት በሽታዎች አንዱ ኩፍኝ ነው። ለእናቶች በአማርኛ ትምህርት የሚሰጥ ጤና ባለሙያ ሽፍታ ሲል የሕፃን ፊት ላይ የሚወጣውን ማለቱ ነው፤ የአካባቢው ሽማግሌ ያንኑ ድምፅ ሲሰማ የሚያስበው ስለ ሠራዊትና ስላለቀ ከብት ነው።

ስለ ኩፍኝ የሚጻፈው ትምህርት አንድ ምክር አይለየውም። ሽፍታው ራሱ በሽታው አይደለም፤ የበሽታው ምልክት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሽፍታውን አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ሕፃኑ መቼ እንደታመመ፣ ምን እንደቀደመው፣ ከማን ጋር እንደነበረ እናቲቱን ይጠይቃል። ቃሉን ተሳስቶ አንብቦ የሣቀ ሰው፣ ይህ ምክር ለጫካውም ሽፍታ እንደሚሠራ ሲያስተውል ስሕተቱ ከንቱ አልሆነበትም።