በ144 ነጥብ የተሳለ ስሜት

የጃፓኑ የስልክ ድርጅት ዶኮሞ በ1999 እ.ኤ.አ. አይሞድ የተባለውን የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር፣ አንድ መልእክት ከ250 ፊደል መብለጥ አይችልም ነበር። የጃፓን ደብዳቤ ግን ስለ ወቅቱ አየርና ስለ ተቀባዩ ደኅንነት ሳያነሣ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ይህን ወግ ለለመደ ሰው «እሺ፣ ገባኝ» ብቻ የምትል መልእክት ተቀባዩን ማስከፋቷ አይቀርም።

በአገልግሎቱ ዝግጅት ላይ ይሠራ የነበረው ሽጌታካ ኩሪታ ለዚህ መላ የፈለገው በሥዕል ነው። ከአየር ትንበያ ፀሐይና ዣንጥላን፣ ማንጋ ከሚባሉት የጃፓን የሥዕል ታሪኮች ደግሞ የጭንቀት ላብን ተዋሰ። እያንዳንዱ ሥዕል በቁመት 12፣ በወርድ 12 ነጥብ ከሆነ ፍርግርግ ማለፍ ስለማይችል፣ ሙሉ ስሜት በ144 ነጥብ መገለጽ ነበረበት። እንዲህ የተዘጋጁትን፣ ኢሞጂ የሚባሉትን 176 ሥዕሎች የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2016 ከስብስቡ ጨምሯቸዋል።

ስሜትን በምልክት በመግለጽ ግን ኩሪታ የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ምሁር ስኮት ፋልማን ቀልድን ከቁም ነገር ለመለየት በሥርዓተ ነጥብ የተሠራ ፈገግታን ያቀረበው በ1982 ነው። ጄፎን የተባለው ሌላው የጃፓን ድርጅትም በ1997 ባወጣው ስልክ ላይ 90 ኢሞጂዎች ነበሩ፤ ስልኩ ግን ገበያ አላገኘም።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ከመላላኩ ነው። ስልክ የሚልከው ሥዕሉን ሳይሆን የሥዕሉን ቁጥር ነው፤ ሥዕሉን የሚያወጣው የተቀባዩ ስልክ ነው። የጃፓን ድርጅቶች ለሥዕሎቻቸው የየራሳቸውን ቁጥር ስለ ሰጡ፣ ከአንዱ ደንበኛ የተላከ ልብ ከሌላው ደንበኛ ዘንድ ልብ ሆኖ ላይደርስ ይችል ነበር።

በዚያው ዘመን በኮምፒውተር አማርኛ ይጽፉ ለነበሩ ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም። እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 ሲሆን፣ «ሀ» 1200 የሚል መለያ አገኘች። የጎግልና የአፕል መሐንዲሶች ከጠየቁ በኋላ በ2010 ኢሞጂም ተራው ደረሰው።

ቁጥሩ አንድ ቢሆንም አሳሳሉ ለየድርጅቱ ተተወ። በ2016 አፕል ሽጉጡን ወደ ውሃ መርጫ መጫወቻ ሲለውጠው፣ የሌሎች ድርጅቶች ስልኮች ገና እውነተኛ ሽጉጥ ያሳዩ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን አንድ ዓይነት ሥዕል አሳይተው ሲጠይቁ፣ ከአራት ጊዜ በአንዱ ስሜቱ በጎ ነው፣ ክፉ ነው ወይስ ገለልተኛ በሚለው ላይ እንኳ መስማማት አልቻሉም።

ይኸው አለመግባባት በካናዳ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2021 በሳስካችዋን ግዛት አንድ እህል ገዢ የ86 ቶን ተልባ ውል ፎቶ ላከ፤ ገበሬው በአውራ ጣት ኢሞጂ መለሰ። ተልባው ሳይቀርብ ቀረ። ገበሬው «ደርሶኛል ማለቴ ነው» ሲል ተከራከረ። ዳኛው ግን ሁለቱ ወገኖች ቀደም ሲል በአጫጭር የስልክ መልሶች ብቻ ተዋውለው እንደነበር አይተው፣ በ2023 አውራ ጣቱን እንደ ፊርማ ቆጠሩት፤ ወደ 82,000 የካናዳ ዶላር ካሳም ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፍርዱን በ2024 አጸናው።