ኢትዮጵያ እጇን ያላወጣችበት ድምፅ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ውስጥ የጋዛ ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሐረግ አያልፍም። አንዱ «የተስፋይቱ ምድር» ይላል፤ ሌላው «የተነጠቀች ምድር» ይላል። ሁለቱም የሚረሱት ነገር አለ። ያቺ ምድር ለሁለት መንግሥት ትከፈል ተብሎ በተወሰነ ጊዜ ኢትዮጵያ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአውሮፓ ነው። በሩሲያ ግዛት በአይሁድ ላይ ጭፍጨፋ በተደጋገመበት፣ በምዕራቡም ጥላቻው ባልበረደበት ዘመን ቴዎዶር ኸርዝል በ1897 ባዝል ላይ የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ ጠራ። በ1917 ደግሞ ብሪታኒያ በባልፎር መግለጫ ለአይሁድ በፍልስጤም ብሔራዊ መኖሪያ እንዲቋቋም እንደምትደግፍ ቃል ገባች። በዚያን ጊዜ ከአገሬው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው አረብ ነበር። መግለጫው ግን ይህን ሕዝብ በስሙ እንኳ አልጠራውም፤ አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች ብሎ የሲቪልና የሃይማኖት መብታቸውን ጠቀሰ። ስለ ፖለቲካ መብታቸው ያለው ነገር የለም። የዛሬው ጥያቄ አንዱ ሥር ይህ ዝምታ ነው።

በግንቦት 1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ሸሽተው ኢየሩሳሌም ሲገቡ፣ ፍልስጤማውያን በብሪታኒያ አስተዳደርና በአይሁድ ፍልሰት ላይ አድማ ከጀመሩ ገና ሳምንታት ነበሩ። አገሩን የተነጠቀ ንጉሥ፣ አገሬን ልነጠቅ ነው በሚል ሕዝብ መካከል ተጠለለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የብሪታኒያው ፒል ኮሚሽን ምድሪቱ ለሁለት ትከፈል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ የናዚ ጀርመን ፍጅት መጣ፤ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ አለቁ። ከሞት ለተረፉት መጠጊያ አገር ያስፈልጋቸዋል የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ በቀላሉ የሚመለስ አልሆነም።

ኅዳር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የክፍፍሉን ዕቅድ፣ ውሳኔ 181ን፣ ለድምፅ አቀረበ። 33 አገሮች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከአፍሪካ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ሲደግፉ ግብፅ ተቃወመች። ኢትዮጵያ ከአሥሩ አንዷ ሆነች። ምክንያቱን ለመገመት ካርታውን ማየት በቂ ነው። የኤርትራ ጉዳይ ገና አልተቋጨም፤ ቀይ ባሕር ማዶና በሰሜን ያሉት ጎረቤቶች አረቦች ናቸው፤ በኢየሩሳሌም ደግሞ ዴር ሡልጣን ገዳም አለ። አንዱን ወገን መርጦ ሌላውን ማስቀየም ለአዲስ አበባ ውድ ነበር።

ዕቅዱ ከነዋሪው ሲሶ ገደማ ለነበሩት አይሁድ ከመሬቱ ከግማሽ በላይ ሰጠ። የአይሁድ ወገን ተቀበለ፤ የአረቡ ወገን አልተቀበለም። እስራኤል በግንቦት 1948 ታወጀች፤ የአረብ አገሮች ጦር ዘመተ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። በተከታዮቹ ዓመታትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ከአረብ አገሮች ወጡ። ከወረቀቱ ላይ አንደኛው መንግሥት ቆመ፤ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቀረ።

ኢትዮጵያም ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ አልቆመችም። በ1961 ለእስራኤል ሙሉ እውቅና ሰጠች። በ1973 ጦርነት ወቅት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። በ1989 ደግሞ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ሆነ፤ የደርግ መንግሥት በዓመቱ መጀመሪያ ለፍልስጤም መንግሥት እውቅና ሰጠ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከእስራኤል ጋር የተቋረጠውን ግንኙነት ቀጠለ። አንዱ ጦር መሣሪያ ፍለጋ ነው፣ ሌላው የድሮ ወዳጅነት ነው ቢባልም፣ ውጤቱ ሁለቱንም አገር ማወቅ ነበር።

የዚህ ታሪክ አንድ ገጽ የተጻፈው እዚሁ ቦሌ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ወደ አዲስ አበባ በተቃረበበት ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተጭነው በሰዓታት ውስጥ እስራኤል ገቡ። ከጎንደር ገጠር የመጡት እነዚህ ሰዎች ያቺን ምድር አይተዋት አያውቁም፤ የእስራኤል የመመለስ ሕግ ግን «ተመላሾች» አላቸው። በ1948 ከሐይፋ ወይም ከያፋ የወጣ ፍልስጤማዊ የቤቱን ቁልፍ ይዞ እንኳ አይመለስም፤ የመንግሥታቱ ጉባኤ ውሳኔ 194 ግን በሰላም ለመኖር የሚሻ ስደተኛ ይመለስ ካለ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የቤተ እስራኤል ደስታ ሐሰት አይደለም፤ የፍልስጤማዊው እንባም እንዲሁ። አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ ግድ አይደለም። በ1936 ጄኔቭ ላይ ትንሽ አገር በጉልበተኛ አትጥፋ ብላ የጮኸች አገር ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የእስራኤልን መኖር የሚደግፍ ሰው የሚጠቅሰው የ1947 ወረቀት ሁለተኛም መንግሥት ተጽፎበታል። ፍልስጤምን የሚደግፍም ወረቀቱን ሲያነሳ የመጀመሪያውን ስም መዝለል አይችልም። የካፌው ክርክር ከዚህ ቢጀምር ቢያንስ ስለ አንድ ነገር ይሆናል።