ታንኳ (የጣና ሐይቅ)

ታንኳ በጣና ሐይቅ ለአሣ ማጥመጃ፣ ለሰውና ለዕቃ ማጓጓዣ የሚያገለግል፣ ከደንገል የሚሠራ ባህላዊ ጀልባ ነው። የጥንት ግብፃውያንም ከዚሁ ተክል ጀልባ ይሠሩ ነበር። በጣና ሙያው ከሁሉ በላይ ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጋር የተያያዘ ነው። የታጨደው ደንገል በፀሐይ ደርቆ፣ በነዶ ተጠቅሎ በገመድ ይታሰራል፤ ቀዛፊው በረጅም ዘንግ ይገፋዋል። ደንገል ውኃ ስለሚመጥ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ይደርቃል፤ ዕድሜው አጭር በመሆኑም ቶሎ ቶሎ በአዲስ ይተካል። ከታንኳ ሌላ፣ ከጎንደር በስተደቡብ በምትገኘው ጎርጎራና በባሕር ዳር የሞተር ጀልባም ያገለግላል። የደንገል መመናመንና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም የታንኳ ሙያውን ይፈታተኑታል።