ጌይን ማለት ጉልበት ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ አምፕሊፋየሬ ጀርባው ላይ 23፣ 26፣ 29 ዲቢ የሚል የጌይን ስዊች አለው። የትኛው ላይ ባደርገው ነው የበለጠ ጉልበት የሚሰጠኝ?» የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሚሆን እዚሁ ልመልስ። ከታሪኩ ብንነሳ መልሱ ራሱ ይመጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሙዚቃ ሳይሆን ከስልክ ነው። ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ኦዲዮን የተባለውን ቲዩብ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ በተሻሻለው ቲዩብ እየታገዙ ከኒውዮርክ ሳንፍራንሲስኮ በስልክ ማውራት ተቻለ። ድምፁ በሽቦ ሲጓዝ ስለሚደክም በየመንገዱ አምፕሊፋየር ያጎላዋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እያንዳንዱ አምፕሊፋየር ሲያጎላ ትንሽ ያበላሻል፤ ቀጣዩ ደግሞ ብልሽቱንም ጨምሮ ያጎላል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ብልሽቱ ይከማቻል።

የቤል ላብራቶሪው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ በዚህ ችግር ዓመታት ለፋ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ (ኦገስት) 2 ቀን 1927 ጠዋት፣ ወደ ሥራ ለመሄድ የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ ሲሻገር መፍትሔው መጣለት፤ በእጁ በያዘው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይም ጻፈው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከሚያስፈልግህ በላይ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ሥራ፤ ከዚያ ከሚወጣው ሲግናል ጥቂቱን ገልብጠህ ወደ መግቢያው መልሰው። ጌይኑ ይቀንሳል፤ ብልሽቱም አብሮ ይቀንሳል። ይህን ነጋቲቭ ፊድባክ እንለዋለን።

በለፋህበት ጌይን ላይ እያወቅህ መጣል! ለዘመኑ ሰው ይህ የሚዋጥ አልነበረም። ብላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ያመለከተበትን ፓተንት ያገኘው በ1937 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ዛሬ ግን አብዛኞቹ የቤት አምፕሊፋየሮች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ስዊቹ እንምጣ። ጌይን የገባው ቮልቴጅ በስንት እንደሚባዛ ይናገራል እንጂ ዋት አይጨምርም። 23 ዲቢ 14 እጥፍ ገደማ፣ 26 ዲቢ 20 እጥፍ፣ 29 ዲቢ 28 እጥፍ ገደማ ነው። አምፕሊፋየራችሁ በ8 ኦም ስፒከር 100 ዋት የሚሰጥ ከሆነ ጣሪያው 28 ቮልት ገደማ ነው። ሲዲ ማጫወቻ በተለምዶ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ሁለትን በ14 አባዙት፤ 28! ስለዚህ በዝቅተኛው በ23 እንኳ ሙሉ ጉልበቱን አገኛችሁ ማለት ነው። ወደ 29 ብታደርጉት ጣሪያው ያው ነው፤ 1 ቮልት ሲገባ ቀድማችሁ ትደርሱበታላችሁ እንጂ 100 ዋቱ 200 አይሆንም።

ታዲያ ምን ይለወጣል? ከፊት ካሉት ዕቃዎች የሚመጣው የ«ሽሽሽ» ድምፅ ቮልቴጁ በእጥፍ ያድጋል። ቮሊዩሙም ገና ትንሽ ሲዞር ይጮሃል፤ ልጅ ነካ ቢያደርገው አምፕሊፋየሩ ጣሪያውን አልፎ ድምፁ ይቆራረጣል፣ የስፒከሩ ትዊተርም ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ ከዝቅተኛው ጀምሩ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ዝግ ብሎ የተቀዳ ሙዚቃ ክፈቱና ቮሊዩሙን እስከምትፈልጉት ድረስ ጨምሩ። ከበቃችሁ እዚያው ተዉት። ቮሊዩሙ መጨረሻ ደርሶ ካልበቃችሁ ብቻ (ለምሳሌ ከ1 ቮልት በታች የሚያወጣ ስልክ ሰክታችሁ ከሆነ) ቀጥላችሁ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

ገበያ ላይ ትልቁን የጌይን ቁጥር እንደ ጉልበት የሚያወራላችሁ ካለ ዋቱን ጠይቁት፤ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለዋቱ ነው። የእናንተ አምፕሊፋየር ስንት ይላል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናስላው።