አውቶማቲክ የሶፍትዌር ፍተሻ

አውቶማቲክ የሶፍትዌር ፍተሻ፣ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም የታዘዘውን በትክክል መፈጸሙን ሰው በየጊዜው በእጁ እየሞከረ በማጣራት ፈንታ፣ ለዚሁ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ግብዓት እየሰጠ የሚያገኘውን መልስ አስቀድሞ ከተወሰነው መልስ ጋር የሚያመዛዝንበት ሥርዓት ነው። (ቀኑና ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንተ ታሪክ

በሥርዓቱ ጀማሪ ላይ የባለሙያዎቹ ቃል አንድ አይደለም። ብዙዎች የሚያወሱት አሜሪካዊውን ኬንት ቤክን ነው፤ እርሱ ስሞልቶክ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኤስዩኒት የተባለውን የፍተሻ መሣሪያ ካዘጋጀ በኋላ፣ በ1997 ከሶፍትዌር ባለሙያው ኤሪክ ጋማ ጋር ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበር፣ እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ለጃቫ ቋንቋ የሚሆነውን ተመሳሳይ መሣሪያ ጄዩኒትን እንደ ጀመሩት ይተረካል። ይሁን እንጂ ፈተናውን ከኮዱ አስቀድሞ መጻፍን በሚመለከት ቤክ ራሱ የጥንቱን ልማድ መልሶ ማግኘቱን እንጂ መፍጠሩን አይናገርም፤ ዳንኤል ማክራከን በ1957 ባሳተመው የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ የመፈተኛው ምሳሌ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ መክሮ ነበርና፣ በ1960ዎቹ መባቻም የአሜሪካ የሜርኩሪ ጠፈር መርሐ ግብር ሠራተኞች እንዲሁ ያደርጉ እንደ ነበር ይነገራልና፣ ክብሩን ለአንድ ሰው ብቻ ማልበስ የሚገባ አይመስልም።

ጥቅሙ

ፍተሻው ኮዱ በተነካ ቁጥር፣ ትናንት የተቃናው ስሕተት ዛሬ ተመልሶ እንዳይገባ ሳይታክት ይጠብቃል።

ወሰኑ

ኔዘርላንዳዊው ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ፣ ፍተሻ የስሕተትን መኖር እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ እንደማይችል አስተምሯል። ለምሳሌ፣ ሰኔ 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጉያና፣ ከኩሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወነጨፈው የአውሮፓ ሮኬት አርያን 5 አርባ ሰከንድ ያህል እንኳ በቅጡ ሳይበር ከነአራቱ የክላስተር ሳተላይቶች ጠፋ። የአቅጣጫ መሣሪያው ፕሮግራም ከአርያን 4 የተወረሰ፣ በዚያም ያለ እንከን ያገለገለ ነበር፤ ነገር ግን የአዲሱ ሮኬት አግድም ፍጥነት ከቀድሞው እጅግ የላቀ ስለ ነበር፣ በ64 ቢት የተያዘው ቁጥር በ16 ቢት ስፍራ አልገባ ብሎ፣ አስቀድሞ ተጠባባቂው መሣሪያ፣ ወዲያውም ያንኑ ፕሮግራም የያዘው ዋናው መሣሪያ ሥራ አቆሙ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ስሕተቱ የደረሰበት ክፍል ሮኬቱ ከምድር ከተነሣ በኋላ ለአርያን 5 አንዳች አገልግሎት የማይሰጥ መሆኑ ነው። በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ጉባኤ እንዳመለከተው፣ መሣሪያው በአርያን 5 የበረራ መንገድ ቢፈተን ኖሮ ጉድለቱ በምድር ሳለ በታወቀ ነበር፤ ፈተና የሚመሰክረው ሰው አስቦ ስለ ጠየቀው ብቻ ነውና፣ ይህን ጥያቄ ግን ማንም አላቀረበለትም።

የድረ ገጽ ፍተሻ

በ2004 በጄሰን ሀጊንስ የተጀመረው ሴሌኒየም የተጠቃሚውን ጠቅታ እየደገመ ድረ ገጽን ይፈትናል። የአንድ አዝራር ስም ወይም ስፍራ ሲለወጥ ግን ፕሮግራሙ ደኅና ሆኖ ሳለ ፈተናው ሊወድቅ ስለሚችል፣ ፈተናዎቹን ማደስ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል።