የ1951 ሁለት ወረቀቶችና የኢስሊ ማዕድ ቤት

ዛሬ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ናይሮቢ፣ በተለይ ኢስሊ፣ ከእኛ ሰው ስንቱ ነው በምግብ ቤት ጓዳ የሚኖረው? የእንጀራ ጋጋሪዋን ክንድ እዩ፤ የምጣድ ጠባሳ አለበት። የዕቃ አጣቢውን ጣት እዩ፤ የተሰበረ ብርጭቆ ቆርጦታል። «ሥራው ነው፣ ምን ይደረግ» ብለን ለምደነዋል። እኔ ግን ጉዳዩ ዕድል ሳይሆን ታሪክ ነው እላለሁ።

የሥራ ደህንነት ሕግ ያደገው በእንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ነው። በ1833 ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ፤ በ1844 ማሽን ይከለል ተባለ። በ1897 ደግሞ ለተጎዳ ሠራተኛ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ ወጣ፤ ነገር ግን ለባቡር፣ ለማዕድን ማውጫ፣ ለፋብሪካና ለመሳሰሉት ነበር። የቤት አገልጋይ የገባበት በ1906 ነው። ለምን ዘገየ? እንደ እኔ ግምት ምድጃ ማሽን ስለማይመስል ነው። የሴትና የአሽከር ሥራ ሲባል ማን አደገኛ ብሎ ያየዋል?

ኬንያም ይህንኑ ወረሰች። በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው የፋብሪካ ሕግ በ1951 ሥራ ላይ ዋለ። «ሌሎች የሥራ ቦታዎች» የሚለው የተጨመረበት በ1990 ነው፤ 39 ዓመት መሆኑ ነው። በ2007 ሁለት አዳዲስ ሕጎች መጡ፤ አንዱ ስለ ሥራ ደህንነትና ጤና፣ ሌላው ስለ ሥራ ጉዳት ካሳ።

አሁን ልብ በሉ። በዚያው በ1951፣ በሐምሌ ወር፣ ጄኔቫ ላይ የስደተኞች ኮንቬንሽን ተፈረመ። ኬንያ በ1966 ገባችበት። ስለ ሪሴትልመንት ሁላችንም ጠበቃ ነን፤ አንቀጽ 24ን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በሕግ የተቀመጠ ስደተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ከአገሬው ሰው እኩል ይታያል ይላል። ሠራተኛው ቢሞት ደግሞ፣ ካሳ ተቀባዩ ሌላ አገር በመኖሩ መብቱ አይቀርም። አገር ቤት ያላችሁ እናቶች፣ ይህ መስመር ለእናንተ የተጻፈ ነው።

ታዲያ ለምን አይደርሰንም? ኢስሊ ውስጥ ስሙን በማልጠራው ምግብ ቤት ዕቃ አጥብ ነበር። አንዲት እህታችን ላይ የፈላ ዘይት ተደፋባት። የጥርስ ሳሙና ቀቡላት፣ ትንሽ ብር ሰጧት፣ «ተኚና ነይ» አሏት። በሦስተኛው ቀን ምድጃው ፊት ሌላ ልጅ ቆማለች። ውል የለ፣ የጽሑፍ ሪፖርት የለ። እሷም ወረቀቴ ይነሳብኛል ብላ ዝም አለች።

ሕጉ ግን አደጋን አሠሪው በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ሞት ከሆነ በ24 ሰዓት። የካሳ ጥያቄም በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ቀኑን ጻፉ፣ ጉዳቱን ፎቶ አንሱ፣ የሐኪም ወረቀት አትጣሉ፣ ማን አብሮ እንደነበረ መዝግቡ።

ከዚያ በፊት ግን አደጋው እንዳይደርስ ነው። በእርጥብ ወይም በሚጎዳ ነገር ለሚሠራ ሰው ጓንትና ጫማ ማቅረብ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ከደሞዝ የሚቆረጥ ስጦታ አይደለም። የምጣዱ ገመድ ተልጦ ወለሉ ውሃ ከያዘ ለአለቃችሁ ንገሩ፤ ከባድ አደጋው እያለ «ግቢና ጋግሪ» ብሎ ማስገደድ በ2007ቱ ሕግ ተከልክሏል። ብቻችሁን መናገር ከከበዳችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ፤ እኛ ጋ የተሳካው እንዲህ ሲሆን ነው።

ዘይት በእሳት ሲያያዝ ውሃ አትድፉ፤ ውሃው ከሥር ገብቶ ሲተን እሳቱን ይበትነዋል። ጋዙን አጥፉ፣ ድስቱን ክደኑት፣ ከቦታው አታንቀሳቅሱት። የተቃጠለ እጅ ላይም ቅቤና የጥርስ ሳሙና ይቅር። ቀለበቱን አውልቁ፣ 20 ደቂቃ ያህል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አቆዩት፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ።