በቃል ያለውም ይወረሳል

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ክቡር አንባቢ፤ ውሎው በመሥሪያ ቤት ለሆነ ሰው ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያሻውም። በጉባኤ ላይ ብዙ ነገር ይነገራል፤ ከወር በኋላ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ብቻ ቆሞ ይመሰክራል። ባለጉዳይ በቃሉ ያመለከተው ይዘነጋል፤ በጽሑፍ ያመለከተው ግን ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በዶሴው ውስጥ ይኖራል። የሰው ድምፅም ከጥንት ጀምሮ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ድረስ ዕጣው ይኸው ነበረ፤ ከአፍ ወጥቶ ከጆሮ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ የሚገኝበት ስፍራ አልነበረውም። የንጉሡም የአዝማሪውም፣ የዳኛውም የእናትም ድምፅ በዚህ ረገድ እኩል ነበረ።

ይህ ዕጣ እንዴት እንደ ተለወጠ ዛሬ በአጭሩ እናወሳለን። የምናወሳውም የመሣሪያዎቹን ብልኃት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። መሣሪያ ድምፅን ይይዛል፤ ጠብቆ ለልጅ ልጅ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ዓመታቱን «ዓ.ም.» ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንቈጥራለን።

ድምፅን ከሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ኤዱዋር ሌዮን ስኮት ደ ማርቲንቪል የተባለ፣ በፓሪስ ከተማ በማተሚያ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ ነው፤ ይህም መንቀጥቀጥ በጆሯችን ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን እያርገበገበ ያሰማናል። ስኮት ይህን የጆሮ ሥራ አስመስሎ፣ በቀንድ መሳይ ማሰሚያ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን ወጠረ፤ ከሽፋኑም ላይ ቀጭን ጸጉር አያይዞ፣ ጥላሸት የተቀባ ወረቀት እንዲጭር አደረገው። ሰው ወደ ማሰሚያው ሲናገር ጸጉሩ እየተንቀጠቀጠ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ መስመር ይጽፋል። ለዚህ ሥራው በ1857 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ይሁን እንጂ መስመሩ በዓይን እንዲነበብ እንጂ በጆሮ እንዲሰማ አላሰበውም፤ መሣሪያውም መልሶ የሚናገርበት አካል አልነበረውም።

በ1860 በሚያዝያ ወር አንድ የታወቀ የፈረንሳይ ሕዝብ ዘፈን በዚሁ ዓይነት ቀረጸ፤ ወረቀቱም ከጊዜ በኋላ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ መዝገብ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ለማንም የሚጠቅም የማይመስል የጥላሸት ወረቀት ነበረ። ነገር ግን አልተጣለም። 148 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2008፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ወረቀቱን በምስል አንሥተው በኮምፒዩተር ኃይል መስመሩን ወደ ድምፅ መለሱት። በመጀመሪያ ሲሰማ የልጃገረድ ድምፅ መሰላቸው። በተከታዩ ዓመት ግን መስመሩ ከእውነተኛው ፍጥነት በእጥፍ መነበቡ ታወቀ፤ በተስተካከለም ጊዜ ዘፋኙ ወንድ፣ ምናልባትም ራሱ ስኮት ሆኖ ተገኘ። ለዚህ እርማት መሠረት የሆነው፣ ስኮት ከዘፈኑ መስመር ጎን በሴኮንድ የሚንቀጠቀጥበት ቁጥር የታወቀ የብረት ሹካ ድምፅ አብሮ መጻፉ ነው። እንግዲህ ያ ድምፅ ለእኛ የደረሰው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ወረቀቱን ያልጣለ መዝገብ ቤት፣ ሁለተኛውም ከጎኑ የተጻፈ ምልክት።

ድምፅን ቀርጾ መልሶ ማሰማት የቻለው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ነው። በ1877 በታኅሣሥ ወር መርፌው በጥላሸት ፋንታ በስስ የቆርቆሮ ቅጠል ላይ ጕድፍ እንዲያወጣ አደረገ፤ መርፌው በዚያው ጕድፍ ላይ ተመልሶ ሲሄድ ሽፋኑን አንቀጥቅጦ የተነገረውን ቃል መለሰ። ስሙንም ፎኖግራፍ አለው። ኤዲሰን በ1878 ስለ መሣሪያው ጥቅም ሲጽፍ በመጀመሪያ ያስቀመጠው ዘፈን አልነበረም፤ ደብዳቤን ያለ ቃል ጸሐፊ ማስጻፍ ነበረ። ስለዚህ ፎኖግራፍ በፈጣሪው አሳብ አስቀድሞ የታጨው ለመሥሪያ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን የቆርቆሮው ቅጠል ጥቂት ጊዜ ከተሰማ በኋላ ይበላሽ ነበረ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በፋንታው የሰም ጥቅል ገባ፤ እርሱም ቢሆን መርፌው በሄደበት ቍጥር ይፋቃል። ድምፁን የሚያሰማው መርፌ ድምፁን የሚበላውም እርሱው ነበረ።

በአገራችን ታሪክ ውስጥ ይህ የሰም ጥቅል የተለየ ስፍራ አለው። በ1898 በነሐሴ ወር የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ሰላምታ በገዛ ድምፃቸው በሰም ላይ አስቀርጸው፣ በመልእክተኛቸው በሃሪንግተን እጅ ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። አፄ ምኒልክም ድምፁን ደጋግመው አዳመጡ፤ ስለ ንግሥቲቱም ክብር ቆመው ሰሙ፤ መድፍም አስተኰሱ። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ መልሳቸውን በየድምፃቸው አስቀርጸው ላኩ።

አሁን፣ ክቡር አንባቢ፣ የሁለቱን መልእክቶች ፍጻሜ ያስተውሉ። ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸው ከተሰማ በኋላ ጥቅሉ እንዲጠፋ አስቀድመው አዝዘው ነበርና ጠፋ። የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ድምፅ ግን ስለ ተጠበቀ፣ የሰሙ ጭረት እያንሿሿበትም ቢሆን፣ ዛሬ ይሰማል። መሣሪያው የመጣው ከእንግሊዝ ነው፤ ከዚህ ልውውጥ የተረፈው ድምፅ ግን የኢትዮጵያ ነው። ሰሙ አንድ ዓይነት ሰም፣ መርፌውም አንድ ዓይነት መርፌ ነበረ። የለየው ትእዛዝ ነው፤ በአንዱ ላይ «ይጥፋ» ተባለ፤ ሌላውን አንድ ሰው አስቀመጠው። የዓድዋውን ድል አድራጊ ድምፅ በጆሯችን ለመስማት የበቃነው በዚህ ነው።

የሰም ጥቅል ትልቁ ጉድለቱ በቀላሉ አለመባዛቱ ነበረ። ይህን ችግር ያቃለለው በ1887 ለግራሞፎን የፈጠራ መብት ያገኘው ኤሚል በርሊነር ነው። እርሱ ድምፁን በጠፍጣፋ ክብ ላይ ቀረጸ፤ ከዚያም ላይ የብረት ቅርጽ እየተወሰደ፣ መጽሐፍ እንደሚታተም ሁሉ ብዙ ሸክላ ማተም ተቻለ። አንዱ ሸክላ ቢሰበር ሌላው ይተርፋል። በዚህ ዘዴ የአገራችን ዜማ ሊቀረጽ የበቃው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር በነበሩበት ጊዜ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ በርሊን ከተማ ውስጥ ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የተረፉትም ሸክላዎች መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ተሰብስበው እንደ ገና ታተሙ፤ የዚያን ጊዜ ቅኔና ለዛ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ይሰማዋል።

ከሸክላ በኋላ የማግኔት ክር መጣ። በ1928 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ፍሎይመር የብረት ዱቄት የተለጠፈበት የወረቀት ክር ሠራ፤ በ1935 ደግሞ በዚህ መንገድ የሚሠራው ማግኔቶፎን የተባለው መቅረጫ በበርሊን የሬዲዮ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። በዚህ መሣሪያ መርፌም ጭረትም የለም፤ ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በብረቱ ዱቄት ላይ የማግኔት አሻራውን ያሳርፋል። ክሩ ይቈረጣል፤ ይቀጠላል፤ ከሁሉም በላይ የቀድሞውን አጥፍቶ አዲስ ይቀረጽበታል። ሬዲዮ ጣቢያዎች ይህን መሣሪያ ስለ ወደዱት አያስደንቅም።

ነገር ግን የመሣሪያው ትልቁ ምቾት ትልቁም አደጋው ሆነ። ሰም በመስማት ይፋቃል፤ ሸክላ በመውደቅ ይሰበራል፤ ክር ግን በቁጠባ ይጠፋል። የእንግሊዝ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ክሩ ውድ ነውና እንደ ገና ይሠራበት፣ ግምጃ ቤቱም አይጣበብ በማለት ብዙ የቴሌቪዥን ዝግጅቶቹን ደመሰሰ። ከነዚህም መካከል ዶክተር ሁ የተባለው ተከታታይ ድራማ ብዙ ክፍሎች ይገኛሉ። ዳሩ ግን የጠፉት ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው ዛሬ አለ። ያዳናቸው ማን ነው ቢባል፣ በየቤታቸው በቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የራሳቸውን ቴፕ ሪኮርደር ደቅነው የቀረጹ ተራ ተመልካቾች ናቸው። ባለቤቱ የደመሰሰውን እንግዳው አስቀመጠው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ድምፅ ቁጥር ሆኗል። በ1982 ለገበያ በቀረበው ሲዲ ላይ የድምፁ ሞገድ በያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ልኩም በቁጥር ይጻፋል። ቁጥር በመስማት አይፋቅም፤ ቅጂውም ከዋናው አይለይም። ስለዚህ ብዙ ሰው ነገሩ ሁሉ የተጠበቀ ይመስለዋል። ሆኖም በእጅ ስልካችን የያዝነው ድምፅ በአንድ ጣት ንክኪ ይጠፋል፤ የድሮው ክር ሳይበላሽ ቢቈይም የሚያሰማው መሣሪያ ከገበያ ይጠፋል፤ የያዘው ሰው ሲሞትም የማን ድምፅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ይጠፋል።

ክቡር አንባቢ፤ ምናልባት በመሥሪያ ቤትዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም በቤትዎ ሳጥን ግርጌ ስም ያልተጻፈበት አንድ የቴፕ ክር ይገኝ ይሆናል። የአንድ ጉባኤ ክርክር፣ ያረፉ የሥራ ባልደረባ ንግግር፣ ወይም የአያትዎ ምርቃት ሊሆን ይችላል። ለወረቀት ሰነድ የሚያደርጉለትን ያድርጉለት። ማን እንደ ተናገረ፣ የትና መቼ እንደ ተቀረጸ ይጻፉበት፤ የስኮትን ዘፈን ፍጥነት ያቀናው ከጎኑ የነበረው ምልክት ነውና። ማሰሚያው መሣሪያ ሳይጠፋ ቅጂ ያስወስዱ፤ ቅጂውንም ከዋናው በተለየ ስፍራ ያኑሩ። «አይጠቅምም» ብለው ከመደምሰስዎ በፊት፣ ጥላሸት የተቀባውን ወረቀት 148 ዓመት ሳይጥል ያቈየውን መዝገብ ቤት ያስታውሱ።

አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ ለዘመናቸው እውነት ነበረ። ዛሬ በቃል ያለውም ሊወረስ ይችላል፤ የሚወረሰው ግን አደራውን የሚቀበል ሰው ሲገኝ ነው።